ጎንብሶ ስለ መዋልና ስለ አንገት ሕመም

የሰው ራስ በሚዛን ቢመዘን ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። ይህን ሸክም የሚችሉት በአንገት ውስጥ የተደራረቡ 7 ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ራስ በትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ሸክሙ አይታወቀንም፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ጊዜ ግን እንዳይወድቅ ይዘው የሚያስቀሩት የማጅራትና የጫንቃ ጡንቻዎች ናቸው። ውሃ የተሞላ እንስራ ከደረቱ አስጠግቶ የያዘ ሰውና እጁን ዘርግቶ የያዘ ሰው ድካማቸው አንድ አይደለም። ሐንስራጅ የተባለ የኒውዮርክ የአከርካሪ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባሳተመው ስሌት፥ ራስ 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ያህል እንደሚደርስ ገልጧል። ይህም በስሌት የተገኘ እንጂ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለምና፥ ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቃል ልንይዘው አይገባም።

መጎንበስስ ከጥንትም ነበረ። ጸሐፊው በብራና ላይ፥ ባለሙያዪቱ በሰፌድ ስፌት ላይ ሲያጎነብሱ ኖረዋል። ነገር ግን ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ሲነክር ቀና ይላል፤ ሰፊዪቱም አለላዋን ስትመርጥ ዘወር ትላለች። የእጅ ስልክ ገጽ ግን አያልቅምና ቀና የሚያሰኝ ምክንያት የለውም። እኛም በጽሕፈት ቤት ቀኑን በኮምፒዩተር ፊት ውለን፥ ማታ ደግሞ በስልክ ላይ እንደፋለን። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ከኋላዬ ስጠራ አንገቴን ማዞር ተስኖኝ መላ አካሌን አዞር ነበርና፥ ሴት ልጄ ይህን አይታ ሳቀችብኝ። ስቃ ስታበቃም ወደ ስልኳ ተመልሳ ባጎነበሰች ጊዜ፥ የአንገቷ አጣጣል የእኔው መሆኑን አይቼ እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ለዚህ ሕመም ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ከህንድ አገር የመጣው ዮጋ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ማጣመር ወይም መጥመድ ማለት ነው፤ ገበሬ በሬዎቹን በቀንበር እንደሚጠምድ፥ አካልንና አሳብን በትንፋሽ አንድ ማድረግ ነው። በአገሩ ከእምነትና ከፍልስፍና ጋራ የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለው፤ እኔ እዚህ የምናገረው ስለ አካል እንቅስቃሴው ብቻ ነው። በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር ከነበረው ከክሪሽናማቻሪያ ዘንድ የተማረው አይየንጋር፥ ደካማና ሕመምተኛ ሰው ሳይቀር እንዲሠራው ወንበር፥ ገመድና የእንጨት ጉማጅ እየተጠቀመ አስተምሯል። በጀርመን አገር ተሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ አንገታቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን 51 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፥ አንዱን ክፍል 9 ሳምንት በአይየንጋር መንገድ አስተማረ፤ ሌላው ክፍል በቤቱ ሌላ እንቅስቃሴ ይሠራ ነበር። ሕመሙ አብልጦ የቀነሰላቸው ዮጋ የተማሩት ናቸው። ሰዎቹ ጥቂት መሆናቸው ግን አይዘንጋ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በወንበር ላይ ቀጥ ብሎ፥ እግርን በመሬት አሳርፎ መቀመጥ። ትንፋሽ እያስገቡ ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሣት፥ እያስወጡ መልቀቅ፤ ይህን 5 ጊዜ። ከዚያም ቀኝ ጆሮን ወደ ቀኝ ትከሻ ቀስ ብሎ አዘንብሎ፥ የግራውን እጅ ወደ መሬት እያንጠለጠሉ 5 ጊዜ መተንፈስ፤ በግራም እንዲሁ። ራስን በእጅ መጎተት አይገባም፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ይህን አድርጌ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬአለሁ። ቀጥሎ ራስን እንደሚያቅፍ ሰው ሁለቱን ትከሻዎች ይዞ በጀርባ በኩል መተንፈስ ነው። ቤት የገባ ሰው በእጁና በጉልበቱ ተንበርክኮ፥ ድመት ከእንቅልፏ ስትነሣ እንደምታደርገው ጀርባውን ወደ ላይ ያጉብጥ፤ መልሶም ወደ ታች ያለምጥ። በመጨረሻ ተረከዙ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በትራስ ላይ ያሳርፍ። ሁሉም ከ10 ደቂቃ አያልፍም።

ከእንቅስቃሴው ይልቅ የጠቀመኝ ግን ትንፋሼን ስከተል ትከሻዬ ሳላውቀው ወደ ጆሮዬ ተሰብስቦ መዋሉን ማወቄ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መዝገብ በጨረስሁ ቁጥር እነሣለሁ፤ ስልኩንም ወደ ዓይኔ አነሣለሁ እንጂ ዓይኔን ወደ እርሱ አላወርድም። በአራተኛው ሳምንት አንገቴ ዞረ። ልጄም ክርኗን በትራስ ላይ አስደግፋ ማንበብ ጀምራለች፤ እርግጥ እኔ ባየኋት ጊዜ ነው።

በራስ መቆምና በትከሻ መቆም የሚባሉትን አቋቋሞች አንገቱ የታመመ ሰው አይሞክራቸው። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ፥ ጣትን የሚያደነዝዝ፥ እጅን የሚያደክም፥ ከትኩሳት ጋራ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ የሆነ እንደ ሆነ፥ ዮጋውን ትቶ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።