በ«ዕረፍት» እና በ«ሥራ ይጀምር» መካከል

እኛ ሐኪሞች የምንፈርምበት የሕመም ፈቃድ ወረቀት የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ዕረፍት፣ ወይ ሥራ። ጭንቅላቱ ተመትቶ አንጎሉ ለተናወጠ ሰው ግን ፈተናው ያለው በሁለቱ መካከል በሚያልፉት ሳምንታት ነው።

ከታካሚዎቼ አንዱ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። የተሳፈረበት ሚኒባስ ከኋላ ተገጭቶ ጭንቅላቱ ከመስኮቱ ጋር ተላተመ። ራሱን አልሳተም፤ ሲቲ ስካን ተነሥቶም ደህና ነው ተባለ። ጥቂት ቀን ተኝቶ ቢሮ ገባ፤ ያውም በሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ወር። ረፋዱ ላይ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቹ ይደበላለቁበታል፣ ራሱን ይወቅረዋል፣ ከባልደረቦቹ ጋር በትንሽ በትልቁ ይጋጫል። «ዶክተር፣ ፎቶው ደህና ከሆነ እኔ ምን ሆኜ ነው?» አለኝ።

ሲቲ ስካን የሚፈልገው የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ነው። መናወጥ ግን የሚያውከው የአንጎልን አሠራር ነው። ከምቱ በኋላ የአንጎል ሕዋሳት ሚዛናቸውን ለመመለስ ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይፈልጋሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ይህ በፎቶ አይታይም። ስለማይታይም አለቃው «ምንም የለበትም እኮ» ይላል። እጁን በጄሶ ያሰረ ሰው ቢሮ ሲገባ ቦርሳውን የሚቀበለው አያጣም፤ ለዚህኛው ግን ያደረ ሥራ ይቆለልለታል።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት መተኛትም መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም የተሰበሰቡት የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ፍጹም ዕረፍት እንደማይጠቅም አስታውቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ረገብ ማለት፣ ስልክና ኮምፒውተር መቀነስ፣ ቀላል የእግር ጉዞ ማድረግ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መጨመር ነው ምክራቸው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቢለኩት፣ እንቅስቃሴው ከ2 ነጥብ በላይ ካላባባሰውና ብሶበትም ከአንድ ሰዓት በታች ከቆየ ችግር የለውም። ምክሩ የተጻፈው ለስፖርተኞች ቢሆንም፣ በጠረጴዛ ሥራ ላይ ላሉ ታካሚዎቼም ይህንኑ መለኪያ እሰጣለሁ፤ የሚጨበጥ ነገር ስለሆነ ይወዱታል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ጠያቂ አለ። ዘመድ ጎረቤቱ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ የአደጋው ታሪክ ከመጀመሪያው ይተረካል። ፍቅር ነው፤ ማንም እንዲቀርበት አልፈልግም። ነገር ግን ለተናወጠ አንጎል በአንዴ አምስት ሰው ማዳመጥ ከባድ ሥራ ነው። በር ላይ ቆሞ እንግዳ መመለስም ለቤተሰቡ ይከብዳል፤ ስለዚህ «ሐኪሙ ከልክሎ ነው በሉ፤ አንድ ሁለት ሆነው ገብተው ቶሎ ይውጡ» እላቸዋለሁ። እንቅልፍ እንዳይወስደው ሌሊቱን ሲቀሰቅሱት የሚያድሩም አሉ። ተመርምሮ አደገኛ ምልክት ካልተገኘበት ይተኛ፤ እንቅልፍ ያድነዋል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየከፋ ከሄደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም አልነቃ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይምጣ።

ለሂሳብ ሠራተኛው ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ለአሠሪው ደብዳቤ ጻፍኩለት፦ ለጊዜው ግማሽ ቀን ይሥራ፣ ትኩረት የሚሻውን በጠዋት ይጨርስ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ያንሣ፣ ትርፍ ሰዓት አይታዘዝ። አሠሪዎች እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ይህ መንገድ ለእነሱም እንደሚበጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ሳያገግም ሙሉ ሥራ ጀምሮ ደጋግሞ የሚወድቅ ሰው ይህን ፈቃድ ቆራርጦ ይጨርሰዋል፤ ድርጅቱም ሠራተኛውን በወጉ አያገኘውም።

ሌሊት የሚያስጨንቀኝ ግን ደመወዝተኛው ሳይሆን ከሕንፃ ላይ የወደቀው የቀን ሠራተኛ ነው። እሱ ካልሠራ የዕለት ገቢ የለውም። እያዞረው መወጣጫ ላይ ቢወጣ ደግሞ ይወድቃል፤ ያልዳነ አንጎል ላይ ሁለተኛ ምት መጨመር እጅግ አደገኛ ነው። ለባጃጅና ለሞተር ነጂም እንዲሁ ነው፤ ነገሮችን ቶሎ አይቶ መወሰን እስኪመለስለት ድረስ መንዳት የለበትም። ለእነዚህ ደብዳቤ ብዙ አይሠራም። ታካሚው ከፈቀደልኝ ፎርማኑ ጋር ራሴ እደውላለሁ፤ መሬት ላይ የሚሠራ ነገር ይኖር እንደሆነ እጠይቃለሁ። «ካልቻለ ሌላ አለ» ብሎ የሚዘጋብኝ አለ። አንዱ ግን ግንበኛውን ለጊዜው ወደ መጋዘን አዛወረልኝ፤ የሚገባውን ሲሚንቶ እየቆጠረ ይመዘግባል። ክፍያው ከግንበኝነቱ ያንሳል፤ የቤት ኪራዩን ግን ከፍሎበታል።