ከተሸነፈው ወገንስ ማን ይጻፍልን?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌን አልፎ መርሳ ሲደርስ፣ በጎንደር ነገሥታት ስም ሰባ ዓመት ያህል አገር የገዙት ራሶች የወጡበትን የየጁን ምድር እንደረገጠ ላያስታውስ ይችላል።

የዚያ ዘመን ፍጻሜ ለደራሲዎቻችን መልካም ርዕስ ሆኗል። አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቶ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ፤ አቶ ብርሃኑ ቆይተውም «የታንጉት ምስጢር»ን ጨመሩ። ሦስቱም የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን የሚተርኩ ናቸው።

እስቲ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል የተዋጉት አማትና አማች ነበሩ። ደጃዝማች ካሳ ድል ያደረጉት የባለቤታቸውን የወይዘሮ ተዋበችን አባት፣ ራስ አሊን ነው። ራስ አሊም ሸሽተው ወደ የጁ ገቡ። ወይዘሮ ተዋበች ያን ወሬ ሲሰሙ ለባላቸው እልል ይበሉ ወይስ ለአባታቸው ያልቅሱ? ታሪክ ጸሐፊ ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ልቦለድ ደራሲ ግን እዚያው ላይ ይቆማል።

እንግዲህ አንተ የመርሳ ተማሪ፣ አንተም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሽማግሌዎች ስለ ራስ አሊ ቤት የሚያወጉትን ዛሬውኑ በደብተርህ አስፍር። ለድል አድራጊው ብዕር አልጠፋም፤ የተሸናፊው ወግ ግን ከባለወጉ ጋር ይቀበራል።