የሠሪዋ ስም የት ደረሰ?

በቡራዩ ገበያ ጀበና ሲገዙ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ወደ ጆሮዎ አስጠግተው በጣትዎ ኳ ኳ ያደርጉታል። ድምፁ ጥርት ካለ አልተሰነጠቀም ማለት ነው። ከዚያ በዋጋው ይከራከራሉ፤ ከፍለው ይሄዳሉ። ጀበናውን የሠራችውን ሴት ስም ግን ጠይቀው ያውቃሉ?

ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ታሪክ አለው። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ወለቃ በምትባል መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ድስትና እንስራ እየሠሩ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አገር ጎብኚው ሲበዛ፣ ከዚያው ጭቃ ትናንሽ ምስሎችን መሥራት ጀመሩ፦ ልጅ የያዘች እናት፣ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ጭቃው በእጅ ይታሻል፣ በእጅ ይቀረጻል፤ ሲደርቅም በእሳት ይተኮሳል።

ጎብኚዎች እየገዙ ወደየአገራቸው ወሰዷቸው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያው ግን በጎረቤቶቻቸው እጅ ቀጠለ። ምስሎቹ ዛሬ በየሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሠሪያቸው ስም ሳይጻፍ የሄዱት ብዙ ናቸው።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። በሜክሲኮ የኦልሜክ ሕዝብ ከ3000 ዓመት በፊት ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ የሕፃን መልክ ያላቸው የሸክላ ምስሎች ሠርቶ ነበር። ብዙዎቹ በሌቦች ተቆፍረው ለሰብሳቢዎች ተሸጡ። ስለዚህ ከማን መቃብር፣ ከየትኛው ቤት እንደ ወጡ ማወቅ አይቻልም። ውበቱ ቀረ፤ ታሪኩ ጠፋ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ስም ከመርሳት የባሰ አለ። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ መሸሽ ነው። በጀበናዋ ቡና እየጠጣን፣ ልጃችን ከልጇ ጋር እንዳይጫወት እንከለክላለን። በድስቷ የበሰለውን ወጥ እየበላን፣ ከእሷ ጋር መጋባትን እንነውራለን። ልጅ ይህን ይዞ አይወለድም፤ ከቤቱ ይሰማዋል፣ ከሠፈር ልጆች ጋር ሲጣላም እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል። የተወረወረበት ሕፃን እናቱ የምትኮራበትን ሙያ ያፍርበታል።

እንግዲህ እናቴ፣ በሚቀጥለው ገበያ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። ሸክላ ሠሪዋን «እኅቴ፣ ስምሽ ማን ይባላል?» ብለው እሱ እየሰማ ይጠይቋት። ጭቃውን ከየት እንደምታመጣ፣ እንዴት እንደምትተኩሰው ታጫውተው። ማታም ቡናው ሲቀዳ «ይህ የእትዬ እገሊት ጀበና ነው» ይበሉት። ልጅዎ ስድቡን ሳይሆን ስሟን ይዞ ያድጋል።