ያገለገለ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ላይ ስለሚጋግረው ነጭ ቅርፊትና ስለ አለቃቀቁ

የዓሣ ዕንቍላልና ጫጩት ከሚጠበቅባቸው ዕቃዎች አንዱ የመስተዋት ገንዳ ነው። የመስተዋቱም ጥቅም ዓይን በውስጡ አሳልፎ ማየቱ ስለ ሆነ፣ ጥራቱ ሲጠፋ የታመመው ዓሣ ከደኅናው ሳይለይ፣ የሞተውም ዕንቍላል ሳይለቀም ይቀራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥቂት ዓመት ያገለገለ ገንዳ ነጭ ቅርፊት ስለ ጋገረበት ብቻ ተበላሽቷል ተብሎ በዕቃ ቤት ማዕዘን ይጣላል፤ ወይም በርካሽ ይሸጥና በምትኩ አዲስ ይገዛል። ከዚህም የባሰ፣ ሠራተኛው ላጽዳ ብሎ በአሸዋና በብረት ሽቦ ሲፍቀው፣ ቅርፊቱ ቢለቅም ጭረቱ ከመስተዋቱ ጋራ ለዘለዓለም ይኖራል። ስለዚህ ሹማምንትና ባለ ንብረቶች ገንዳው እንዲጣል ከመፍቀዳቸው አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባቸዋል።

ቅርፊቱ እድፍ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። የጕድጓድና የምንጭ ውሃ በዐለት መካከል ሲያልፍ ካልሲየም የሚባለውን ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲተን ማዕድኑ አብሮ አይተንምና፣ ውሃው ከፍና ዝቅ በሚልበት መሥመር ላይ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ኖራ ሆኖ ይለጠፋል። በሻይ ማንቈርቈሪያ ውስጥ የሚጋግረውም ይኸው ነው። ሳሙና ይህን አይፈታውም፤ የሚፈታው ኮምጣጣ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ነጭ የሆነ ሁሉ ኖራ አይደለም። ለምሳሌ በስምጥ ሸለቆ፣ መውጫ በሌላቸው እንደ ሻላና አብያታ ባሉ ሐይቆች አካባቢ፣ ውሃው ሶዳ የበዛበት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ቦታውን ለብ ባለ ውሃ ማሸት ይገባል፤ ሶዳና ጨው ከሆነ በዚያው ይሟሟል። ካልለቀቀ ጥቂት ጠብታ ሆምጣጤ ይጣልበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። አረፋም ካላወጣ፣ ካልሟሟም፣ ወይ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ነው፣ ወይም መስተዋቱ ራሱ ተበልቷል። በዚህ ጊዜ በከንቱ መድከም አይገባም። ውስጡ የተበላ መስተዋት በውሃ ሲሞላ ጭጋጉ በጣም ስለሚቀንስ፣ ገንዳው ሳይጣል ሊያገለግል ይችላል። ሲሊካን ይፈታል ተብሎ ከሚነገረው ከፍሎሪን አሲድ ግን ፈጽሞ መራቅ ነው፤ እርሱ መስተዋቱንም ይበላል፣ ሰውንም ይገድላል።

ኖራ መሆኑ ከታወቀ ሥራው ከኀይል ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዓሣውና ውሃው ከወጡ በኋላ፣ የጋገረበት ገጽ ከታች እንዲሆን ገንዳው በወፍራም ጨርቅ ላይ በጐኑ ይጋደም። በእብነ በረድ ወለል ላይ ግን አይሠራ፤ እርሱም ከዚያው ከኖራ ዘር ነውና ሆምጣጤው ይበላዋል። ከዚያ ሆምጣጤ የጠጣ ጨርቅ በቅርፊቱ ላይ ተነጥፎ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፈንና አንድ ሰዓት ያህል ይቈይ። የጋገረው ወፍራም ከሆነ ግን ሌሊቱን ይደር። ሆምጣጤ በማይገኝበት ስፍራ የሎሚ ጭማቂ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ቅርፊቱ በጨርቅ ይታሻል። የቀረው በአዲስ ምላጭ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን መስተዋቱ ርጥብ ይሁን፣ ምላጩም ተጋድሞ ይያዝ። መስተዋቶቹን የሚያጣብቀው ሲሊኮን በምላጭ ከተነካ ገንዳው ያፈሳልና ከማዕዘኖቹ መራቅ ያስፈልጋል። ገንዳው መስተዋት መሳይ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ምላጭ ከቶ አይንካው።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ሠራተኛ ይበልጥ ይነጣል ብሎ በረኪና ከሆምጣጤ ጋራ ይቀላቅላል። ከሁለቱ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል፣ ነፍስም ሊያጠፋ ይችላል። ሥራውን የሚያዝ ሹም ይህን ለሠራተኛው በቃሉ ይንገረው፤ ሁለቱም ዕቃዎች በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ።

የጸዳው ገንዳ የሆምጣጤው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ። ሳሙና ግን አይግባበት፤ ቅሬታው ዓሣን ይጐዳል። ዓሣ ከመመለሱም በፊት ገንዳው በተስተካከለ ጠንካራ መደብ ላይ ተቀምጦ በውሃ ይሞላና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይፈተን። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል፤ የውሃው ክብደት ብቻ 200 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለጽሕፈት የተሠራ ጠረጴዛ አይችለውም፤ ውሃም እያለበት ከቦታው አይነሣ።

በተነነው ፈንታ የጕድጓድ ውሃ ብቻ ሲጨመር ማዕድኑ እየተከማቸ ስለሚሄድ፣ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እየተቀላቀለ ቢጨመር የቅርፊቱ መጋገር ይዘገያል። በሳምንት አንድ ቀንም የውሃው መሥመር በርጥብ ጨርቅ ቢታበስ፣ ኖራው ገና ሳይጠና ይነሣል።