ፋክስ ያለውን ፕሪንተር ከስልክ መስመር ጋር ስለ ማገናኘት

በጎንደር ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች በሚወጣ ደብዳቤ ላይ፣ ከስልኩና ከፖስታ ሣጥኑ ቁጥር ጎን፣ በ058 የሚጀምር የፋክስ ቁጥር ታትሞ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ስለ ታተመ ብቻ መልእክቱ ይደርሳል ማለት አይቻልም፤ ሳይደርስ ሲቀርም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ጥፋቱ ከመሣሪያው ይልቅ ከአተካከሉ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል።

ይህ ጥበብ በዕድሜ ስልክን ይበልጣል። እስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤይን ሥዕልን በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚልክበትን ዘዴ በ1843 እ.ኤ.አ. በስሙ ሲያስመዘግብ የቤል ስልክ ሊፈለሰፍ ገና 33 ዓመት ይቀረው ነበር፤ ኢጣልያዊው ካህን ጆቫኒ ካሴሊም በ1865 በፓሪስና በሊዮን መካከል ለሕዝብ አገልግሎት ሲያበቁት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ገና አልታሰበም።

የዛሬው ፋክስ ወረቀቱን ወደ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ይከፋፍልና ነጥቦቹን በድምፅ አስመስሎ በስልኩ መስመር ይሰዳቸዋል፤ ስለዚህ ለሰው ጆሮ የማያስቸግር ትንሽ ሽርሽርታ ለእርሱ ታላቅ ዕንቅፋት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ተራ ስልክ ሰክቶ መስመሩን ማዳመጥ፣ ጩኸት ካለበትም ፕሪንተሩን ከመውቀስ በፊት መስመሩን ማስጠገን ይገባል።

በፕሪንተሩ ጀርባ ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች አሉ፤ «ላይን» የተባለው ከግድግዳው የሚመጣውን ገመድ፣ «ኤክስት» የተባለው የጠረጴዛውን ስልክ ይቀበላል። በዚያው የመዳብ መስመር ኢንተርኔት የሚገባ ከሆነ ፋክሱ ኢንተርኔቱንና ስልኩን ከሚለየው ስፕሊተር የስልክ ወገን መሰካት አለበት። ስልኩ በፋይበር የገባ ከሆነ የመላኪያውን ፍጥነት ወደ 9600 ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ሲም ካርድ የሚጎርሰው ገመድ አልባ የቢሮ ስልክ ግን የሰውን ንግግር ብቻ አስቦ ድምፁን ስለሚጨምቅ ለፋክስ አይታመንም። በማዞሪያ በኩል የሚደውል ቢሮ ደግሞ የውጭ መስመር መጥሪያውን አኃዝ፣ ከእርሱም ቀጥሎ አጭር ዕረፍት፣ ከቁጥሩ በፊት ማስገባቱን አይርሳ። አንዱ መስመር ለንግግርም ለፋክስም የሚያገለግል እንደ ሆነ፣ መሣሪያው ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ጥሪ በኋላ ራሱ እንዲያነሣ ቢታዘዝ፣ ጸሐፊዋ ቀድማ ለማንሣት ጊዜ ታገኛለች።

እጅግ የሚዘነጋው የፊደላችን ነገር ነው። መሣሪያው «ስታንዳርድ» በሚለው ልክ ሲተው በአንድ ኢንች ቁመት 98 መስመር ብቻ ያነባል፤ ይህ ለላቲን ጽሑፍ ይበቃ ይሆናል፤ የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው በቅጥያው ስለ ሆነ፣ በደቃቁ የተጻፈ «ሲ» ከ«ሴ»፣ «ቢ» ከ«ቤ» ሳይለይ ይደርሳል፣ የሰው ስምም ይለወጣል። «ፋይን» ሲባል መስመሩ 196 ይሆናል፤ የመላኪያው ጊዜ ቢረዝምም የአማርኛ ደብዳቤ በሌላ ልክ መላክ የለበትም። የፈዘዘ ሰማያዊ ማኅተምም ተሰውሮ ስለሚቀር ጥቁረቱን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በእኛ መሥሪያ ቤት ምን ዋጋ እንዳለው አንባቢ ያውቃል።

መሣሪያው በየገጹ ራስጌ የሚያትመው ቀንና ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሐምሌ 5 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተላከ ደብዳቤ ጁላይ 12፣ 9 ሰዓት ተብሎ ይወጣል። ለጨረታ ወይም ለይግባኝ የተላከ ወረቀት በቀነ ገደብ እንዳያከራክር ሰዓቱን በትክክል መሙላት፣ የመላኩን ማረጋገጫ ወረቀትም ከደብዳቤው ቅጅ ጋር ማያያዝ ይበጃል።

በመጨረሻ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ጀምሮ ወደ ስሜን ተራሮች በሚዘልቀው ደጋ ክረምቱ ነጐድጓዳማ ነው፤ መብረቅ በኤሌክትሪኩ ሽቦ ብቻ ሳይሆን በስልኩም ገመድ ይገባል። ስለዚህ መከላከያ ሲገዙ ሁለቱንም የሚጠብቀውን ይምረጡ፤ ከሌለ ግን ማታ ቢሮውን ሲዘጉ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቅለው የስልኩን ገመድ አይተዉት።