ዲጂታል ማጣሪያ
ዲጂታል ማጣሪያ ማለት በተከታታይ ከተመዘገቡ ቁጥሮች የሚፈለገውን ለውጥ ለይቶ የሚያወጣ ስሌት ነው። ምርጫው የሚወሰነው ሊወገድ በታሰበው ነገር ነው።

ለምሳሌ የባሕር ከፍታ በየሰዓቱ ሲለካ፣ በጨረቃ ስበት የሚመጣው ሙላትና ጉድለት በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚመላለስ አዝጋሚውን ለውጥ ይሸፍነዋል። የ24 ሰዓት አማካይ ከዚህ ዑደት ጋር በልክ ስለማይገጥም ቅሪት ይተዋል፤ የ25 ሰዓቱ ይሻላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አርተር ዱድሰን የሠራው ማጣሪያ ከሁለቱም ይበልጣል፦ 39 የሰዓት ንባቦችን ወስዶ ለየአንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ክብደት ይሰጣል፤ ድምሩንም ለ30 ያካፍላል። ንባቦቹ ከመካከለኛው ሰዓት በፊትና በኋላ እኩል ስለሆኑ ውጤቱ በጊዜ አይንሸራተትም፤ ግን 19 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው።

መሣሪያው አንድ የተሳሳተ ንባብ ቢሰጥ ማንኛውም አማካይ ይዛባል። ስለዚህ አስቀድሞ በሚዲያን ማጣሪያ ማጽዳት ይገባል።