አዲሱ ዳሽቦርድ ጎማውን አያውቀውም

ሀዋሳ ውስጥ በሞተር ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደር አንድ ወጣት ባለፈው ክረምት ጭቃ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። እሱ ተረፈ፤ የሞተሩ ዳሽቦርድ ግን ተሰንጥቆ ዝናብ ገባበት። የፍጥነት መርፌው 20 ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪውም ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ፍጥነቱን በሞተሩ ድምፅ እየገመተ ነዳ። በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ ዲጂታል ዳሽቦርድ ገዛና አንድ ማታ በስልክ መብራት ራሱ ገጠመው።

በማግስቱ ሦስት ነገር ግራ አጋባው። የኒውትራል መብራቱ አይበራም። የግራ ፍሬቻ ሲነካ አራቱም ፍሬቻዎች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዳሽቦርዱ 60 ሲል የስልኩ ጂፒኤስ 53 ይላል።

ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው፣ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሽቦው አልነበረም።

«አሮጌው የት አለ?»

ወጣቱ ከፌስታል አውጥቶ ሰጣቸው። ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው ቁጥሩን አነበቡ፤ 41,386። በወረቀት ላይ «ቢያንስ» የሚል ቃል ጨምረው ከነቀኑ ጻፉትና በፕላስቲክ ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር ለጠፉት። አዲሱ የሚነሳው ከዜሮ ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ነገ ሞተሩን የሚገዛው ሰው ከ41 ሺህ ኪሎሜትር በላይ የሠራውን ሞተር እንደ አዲስ ያየዋል፤ በዚያው ልክም ይከፍላል። ዳሽቦርድ የሚቀይር ሁሉ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት እስክሪብቶ ማንሳት ያለበት ለዚህ ነው።

ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈቱና ወደ ሽቦዎቹ ገቡ።

«ጋሼ፣ የኒውትራሏ አምፖል የተቃጠለች መሰለኝ» አላቸው።

«አልተቃጠለችም የኔ ልጅ፣ ገልብጠህ አስረሃት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍሬቻና ከረጅም መብራት ወደ ዳሽቦርድ የሚመጣው ሽቦ ፖዘቲቭ ይዞ ይመጣል። የኒውትራሉ ግን በተቃራኒው ነው፤ ማርሽ ሳጥኑ ላይ ያለው ማብሪያ ሽቦውን የሚያገናኘው ከሞተሩ ብረት፣ ማለትም ከኔጋቲቭ ጋር ነው። የድሮው አምፖል በየትኛውም አቅጣጫ ቢታሰር ይበራል፤ የአዲሱ ኤልኢዲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ፍሬቻውን ደግሞ ወጣቱ የግራና የቀኙን ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ፣ ለሁለቱም አንድ ምልክት ብቻ ባለው ዳሽቦርድ ላይ አስሮት ነበር። የግራው ኤሌክትሪክ በዚያው በኩል ወደ ቀኙ ያልፋል። መካኒኩ በየሽቦው ላይ አንድ አንድ ዳዮድ ጨመሩ። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ የመመለሻው መንገድ ተዘጋ። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ስህተት አይደለም፤ አራቱም ሲበሩ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ሞተረኛው ወዴት እንደሚታጠፍ በምን ያውቃል?

የፍጥነቱ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ሊብራራ ይገባዋል። አሮጌው ዳሽቦርድ የሚሠራው ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ዘዴ ነው። ከፊት ጎማ የሚመጣ ገመድ ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱ የአሉሚኒየም ስኒውን ሳይነካው ይጎትተዋል፤ ቀጭን ስፕሪንግ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ መርፌው በሁለቱ ጉተታ መካከል ይቆማል። በጃፓን ደረጃ በተሠሩት ላይ ገመዱ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ሲዞር መርፌው 60 ያሳያል። ስሌቱ ጎማው ሥር ባሉት ጥርሶች ውስጥ አብሮ ተሠርቷል። ዲጂታሉ ግን ጎማው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ማግኔት በሴንሰሩ ፊት ባለፈች ቁጥር አንድ ብሎ ይቆጥራል እንጂ፣ አንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሆነ ካልተነገረው አያውቅም። የወጣቱ ዳሽቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ 2,000 ሚሊሜትር ተብሎ ተሞልቶ ነበር።

የፊት ጎማው ላይ 2.75-17 ይላል። መካኒኩ ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፤ ክብደት ጎማውን ስለሚያጎብጠው ወጣቱን ከላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ሞተሩን አምስት ዙር በቀጥታ ገፉት። ሜትሩ 8 ሜትር ከ90 ሳንቲም አለ። ለአምስት ሲካፈል 1,780 ሚሊሜትር። በጂፒኤሱም ቢሰላ፣ 2,000 በ53 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 1,767 ገደማ ይመጣል፤ ስልኩ ነጥቡን ትቶ ሙሉ ቁጥር ስለሚያሳይ ይህን ያህል መራራቅ ያለ ነው። የሜትሩን ይዘው 1,780 ሞሉት።

ፍጥነትን ትንሽ አጋንኖ ማሳየቱ እንኳ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ተፈቅዷል፤ ለሞተር ሳይክል ከእውነተኛው ፍጥነት እስከ 10 በመቶ ሲደመር 8 ኪሎሜትር በሰዓት ድረስ። ከእውነተኛው አሳንሶ ማሳየት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። የሚጎዳው ቆጣሪው ላይ ነው። 2,000 እንደተሞላ ቢቀር ኖሮ 100 ኪሎሜትር የሄደ ሞተር 112 ይመዘግባል፤ በ3,000 የሚቀየረው ዘይትም በ2,670 ይደፋል። በዕለት ገቢው ለሚያድር ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

የቀረው ፈጠን ብሎ አለቀ። ለነዳጅ ጌጁ የታንኩን ተንሳፋፊ ኦም መርጠው ሞሉ። መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረው የሚወጠር ሽቦ እንደሌለ አዩ፤ የሶኬቱን አፍ ወደ ታች አዞሩት፣ ውኃ እንዳይቋጥር።

ወጣቱ በዚያው ቀን ሻሸመኔ የሚያደርሰው ዕቃ ነበረው። ሲደርስ ስልኩን አወጣ፤ የመጣበት መንገድ 24.6 ኪሎሜትር ይላል። ዳሽቦርዱ 24.8።